«ታይላንድ እንግሊዝኛ ታስተምሪያለሽ፣ 180 ሺህ ብር ክፈይ» ለተባለችው መምህርት

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፒጂዲቲም (ከዲግሪ በኋላ የሚሰጠውን የመምህርነት ሥልጠና ዲፕሎማ) ወስጃለሁ፣ ሰባት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ሰው ‹ታይላንድ የውጭ እንግሊዝኛ አስተማሪ በጣም ይፈለጋል፣ በወር 1,500 ዶላር አስቀጥርሻለሁ› አለኝ። በቱሪስት ቪዛ ገብቼ እዚያ ይቀየርልኛል፣ ለፕሮሰስ 180 ሺህ ብር እከፍላለሁ፣ የትምህርት ቤቱን ስም የምሰማው ከከፈልኩ በኋላ ነው። ፓስፖርቴም እሱ ጋ ነው። እዚያ የነበረች ጓደኛዬ ደግሞ ‹ነጭ ካልሆንሽ አይቀጥሩሽም፣ ቢቀጥሩሽም ግማሹን ነው የሚከፍሉሽ› ትለኛለች። እውነት የውጭ አስተማሪ ያስፈልጋቸዋል? ክፍያውስ ፍትሐዊ ነው? ወርቄን ሸጬ ልክፈል ወይስ ልተወው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አትክፈይ። ወርቅሽንም አትሽጪ። ሰውዬው ያመጣልሽ ሥራ አይደለም። በቱሪስት ቪዛ ግቢ ማለቱ፣ የትምህርት ቤቱን ስም መደበቁ፣ ገንዘቡን ካንቺ መጠየቁ፣ እያንዳንዱ ለብቻው «አይሆንም» ለማለት ይበቃል። አንቺ ጋ ሦስቱም አንድ ላይ መጥተዋል። ሁለቱ ሌሎች ጥያቄዎችሽ ግን ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፣ መልሳቸውም ሰውዬው እንደሚለው አይደለም፣ ጓደኛሽ እንደምትለውም ሙሉ በሙሉ አይደለም። እኔ ባንኮክ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ደግሞ የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ ከሚያዩት አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ።

«በጣም ይፈለጋል» የሚለው አባባል ብዙ ነገር ይደብቃል። ዩኔስኮ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጓታል ይላል፣ ደላሎች ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ቁጥሩ ግን ስለ ውጭ አገር እንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለም የሚያወራው። ስለ ማንኛውም የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ከዚያ ውስጥ 15 ሚሊዮኑ የሚጎድለው ደግሞ እኛው ጋ፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ባንኮክ አይደለም።

ታዲያ እስያ ውስጥ የውጭ አስተማሪ የሚፈለገው ለምንድነው? ጃፓንን እይ። ጄት የሚባለውን የመንግሥት ፕሮግራም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በፕሮግራሙ የሚመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ረዳት ናቸው። ክፍሉን የሚመራው፣ ፈተና የሚያወጣው፣ ማርክ የሚሰጠው ጃፓናዊው መምህር ነው። የውጭው ሰው አጠገቡ ቆሞ ያነባል፣ ልጆቹን ያናግራል፣ ከሌላ አገር ሰው ጋር መነጋገርን ያለማምዳል። ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ1995 ኤፒክ የተባለውን ፕሮግራም የጀመረችው በተመሳሳይ ሐሳብ ነው። እዚያ ያሉት መምህራን ሰዋስው ያውቃሉ፣ ተማሪዎቻቸውን ለፈተና ማዘጋጀትም ይችሉበታል። ጎደለን የሚሉት በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ነው። ይህ ፍላጎት እውነተኛ ነው። ግን ትምህርት ቤቱ ያለሱም ይሠራል። ለዚህም ነው በጀት ሲጠብ ቶሎ የሚነካው። ሶል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት የውጭ እንግሊዝኛ አስተማሪዎቿን የቀነሰችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቻይና ደግሞ ከዚህ የከፋውን አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት በአንድ መመሪያ ለዋና ዋና ትምህርቶች የሚሰጠውን ለትርፍ የተቋቋመ የማስጠናት ሥራ አገደ፣ ውጭ አገር ተቀምጠው የቻይና ልጆችን በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ሰዎችን መቅጠርንም ከለከለ። ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው የሚኖሩበት ሥራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አለቀ። ፖሊሲ ያመጣውን ፍላጎት ፖሊሲ ይወስደዋል። «ይፈለጋል» ስትባዪ «ማን ነው የሚፈልገው? እስከ መቼ?» ብለሽ ጠይቂ።

ታይላንድ ውስጥ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለወላጅ የሚታይ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትልቅ ባነር ይሰቀላል፣ ባነሩ ላይ የውጭ ሰው ፎቶ አለ፣ ወላጅም ያንን አይቶ ይከፍላል። ይህን የሚፈልገው ገበያው ነው። የሚፈልገውም መልክ ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ጓደኛሽ ያየችው ይህንን ነው፣ እውነቷን ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የታይላንድ ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥቶቹም ጭምር፣ «ኢንግሊሽ ፕሮግራም» የሚሉትን ክፍል ከፍተዋል። በአጭሩ ኢፒ ይሉታል። እዚያ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ አንዳንዴም ጤናና ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ወላጅ ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል። ይህን የሚያስተምር ታይላንዳዊ ማግኘት በእውነት ይቸግራል፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ፊዚክስ ማስረዳት የሚችል ታይላንዳዊ ኩባንያ ውስጥ ገብቶ እጥፍ ደሞዝ ያገኛል። ስለዚህ ፊሊፒናውያን፣ ካሜሩናውያን፣ ሌሎችም አፍሪካውያን ይቀጠራሉ። እኔም የገባሁት በዚህ በር ነው፣ በሒሳብ። እንግሊዝኛ ለማስተማር አመልክቼ አስራ አንድ ትምህርት ቤት መልስ እንኳ አልሰጠኝም። ሒሳብ ብዬ ሳመለክት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ ተጠራሁ። ሰውዬው ያው እኔ ነበርኩ፣ ሲቪው ያው ነበር።

ይህን ልብ በይው። እኛ ሁለተኛ ደረጃን በሙሉ በእንግሊዝኛ ተምረናል። ባዮሎጂውን፣ ኬሚስትሪውን፣ ጂኦግራፊውን። አገር ቤት ይህ ዋጋ ያለው አይመስለንም፣ እንዲያውም እናማርርበታለን፣ የምናማርርበት ምክንያትም አለን። የታይላንድ ኢፒ ክፍል የሚፈልገው ግን ይህንኑ ነው።

አሁን «ነጭ ካልሆንሽ» ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ፓስፖርትና የቆዳ ቀለም ይቀላቀላሉ፣ መለየት አለባቸው። በሕግ ደረጃ የሚያግደው ፓስፖርት ነው። ደቡብ ኮሪያ ኢ-2 የሚባለውን የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ ለእንግሊዝኛ የምትሰጠው በዋናነት ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታኒያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘሽ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ብትሆኚ በዚህ በር አትገቢም። ቻይናም ለእንግሊዝኛ አስተማሪ የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ በአብዛኛው የምታየው እነዚህኑ አገሮች ነው። ኮሪያ ውስጥ በእንግሊዝኛ አስተማሪነት ላስቀጥርሽ የሚል ደላላ ካጋጠመሽ ውይይቱ እዚያው ያበቃል። (አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያደጉና ዜግነት ያላቸው ልጆቻችን ግን ይችላሉ። ሆኖም ኤፒክ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር አገር መማራቸውን ይጠይቃል፣ ስለዚህ በ17 ዓመቱ ዲሲ የገባ ሰው ፓስፖርቱ ቢኖረውም እዚያ ላይ ይቸገራል።)

ታይላንድ በሕግ እንዲህ አትልም። አፏን በእንግሊዝኛ ያልፈታች አመልካች የቋንቋ ፈተና ውጤት ታቀርባለች፣ በአብዛኛው ቶይክ 600 ወይም ተመጣጣኙ፣ ከዚያ እንደማንኛዋም ሰው ትታያለች። አድልዎው ያለው ማስታወቂያው ላይ ነው። «የአገሬው ተናጋሪ ብቻ» ይላል፣ ፎቶ አያይዢ ይላል፣ ከዚያ ጥቁር አሜሪካዊት ራሷ ፎቶዋ ታይቶ ትቀራለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አመልካች ስንመርጥ ጥሩ ማስረጃ ያላት ሴት ፋይል ወደ ጎን ሲገፋ ተቃውሜ ተሸንፌያለሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

«ጥሩ አስተማሪ ማለት አፉን በቋንቋው የፈታ ነው» የሚለው እምነት ከየት መጣ ብትዪ፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው ወረቀት ላይ የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1961 ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የዚያን ጊዜ አስተሳሰብ በኋላ የተቹት ምሁራን ከጉባኤው ካወጧቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነው፦ ተመራጩ አስተማሪ የአገሬው ተናጋሪ ነው። ሌላው ደግሞ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ የሚል ነው። ሁለቱም ያለ በቂ ማስረጃ ነው የጸኑት። ዛሬ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎች አብዛኞቹ አይቀበሏቸውም፣ ገበያው ግን አሁንም በእነሱ ይሠራል።

የእኛው ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል እኮ። በንጉሡ ጊዜ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያስተማሯቸው ብዙዎቹ ሕንዶች ናቸው። ከኬረላና ከሌላውም የሕንድ ክፍል መጥተው ከዋናው ከተማ እስከ ጠረፍ አውራጃ ድረስ ገብተዋል። አፋቸውን የፈቱት በማላያላም ወይም በታሚል ነው። አነጋገራቸው ላይ ተማሪ ይስቅ ነበር። ግን ሰዋስውና ሒሳብ በእነሱ ተምሮ ዶክተርና ኢንጂነር የሆነ ስንት ሰው አለ! ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መጣ፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ270 በላይ ወጣቶች። አብዛኞቹ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ አስተምረው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። እነሱም ጠቅመዋል፣ የሚወዷቸው ተማሪዎች ዛሬም አሉ፣ ምክንያቱም ያኔ አገሪቱ ውስጥ ዲግሪ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጣም ጥቂት ስለነበር እውነተኛ ጉድለት ሞሉ። እናቴን የተማረችበትን ትምህርት ቤት መምህራን ብትጠይቂያት ግን አሜሪካዊውን በጊታሩ ታስታውሰዋለች፣ ሕንዱን በደብተሯ። አንቀጽ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያት እሱ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ የኔ መልስ ይህ ነው። የውጭ አስተማሪ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። የሚያስፈልገው የትምህርቱን ቋንቋ የሚችል የአገሬው መምህር በማይገኝበት ጊዜ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሩዋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር ወሰነች፣ በፈረንሳይኛ የሠለጠኑት መምህራኗም ተቸገሩ። ብዙ ዓመት ታግላ በ2022 በመንግሥታት ስምምነት 154 የዚምባብዌ መምህራንን አስመጣች። ነጭ አልፈለገችም። እንግሊዝኛና የትምህርት ዓይነቱን አብሮ የያዘ፣ የሠለጠነ መምህር ነው የፈለገችው። ደላላም በመሃል አልነበረም።

ወደ ክፍያው እንምጣ። «ፍትሐዊ ነው ወይ» የሚለው ከማን ጋር ሲነጻጸር ነው? ሰው ሁሉ ራሱን ከላይ ካለው ጋር ብቻ ያነጻጽራል፣ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ሥዕሉ በግምት ይህን ይመስላል። ታይላንድ ውስጥ ጀማሪ ታይላንዳዊ መምህር በወር ከ15 እስከ 18 ሺህ ባት አካባቢ ያገኛል። ፊሊፒናዊት ወይም አፍሪካዊት መምህርት በተለመደው ትምህርት ቤት ከ18 እስከ 25 ሺህ፣ ጥሩ ኢፒ ክፍል ውስጥ ከሆነች 30 ሺህ ልትደርስ ትችላለች። እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ደግሞ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ከ35 እስከ 45 ሺህ። አንድ ዶላር በቅርብ ዓመታት በአብዛኛው ከ32 እስከ 36 ባት ባለው መሃል ሲዋልል ነበር። እንግዲህ ሰውዬው ቃል የገባልሽ 1,500 ዶላር ወደ 50 ሺህ ባት ይሆናል ማለት ነው። ይህን የሚከፍሉት የተሻሉ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ የሚከፍሉትም ልምድና የመምህርነት ፈቃድ ላለው ሰው ነው፣ እሱንም ራሳቸው አወዳድረው ይወስዳሉ። ደሴ ውስጥ በደላላ አይፈልጉም።

ፍትሐዊ ነው? አይደለም። አንድ ዓይነት ክፍል ገብተን፣ አንድ ዓይነት የክፍለ ጊዜ ብዛት ይዘን፣ እኔ 28 ሺህ ባት ሳገኝ ያን ዓመት የመጣ የ23 ዓመት ልጅ 42 ሺህ ይከፈለው ነበር። አስተምሮ አያውቅም። የትምህርት ዕቅዱን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ይህ ለፓስፖርት የሚከፈል ደሞዝ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ነገር ግን አጠገቤ የነበረችው ታይላንዳዊት መምህርት 17 ሺህ እያገኘች ጠዋት በር ላይ ቆማ ተማሪ ትቀበላለች፣ ምሳ ታበላለች፣ ከወላጅ ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ማታ ሪፖርት ትጽፋለች። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቤቴ ነኝ። እሷ ስለ እኔ ደሞዝ የሚሰማት እኔ ስለ እንግሊዛዊው ደሞዝ ከሚሰማኝ አይለይም። አንድ ቀን በግልጽ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ «ግማሹን ነው የሚከፍሉኝ» ብዬ ሳማርር እሷ ትዝ ትለኛለች። (መንግሥት የቀጠራቸው ታይላንዳውያን መምህራን ግን በጊዜ ሂደት እየጨመረላቸው ይሄዳል፣ ጡረታም አላቸው። የውጭው አስተማሪ ደሞዝ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። ይህንንም ማወቅ ደግ ነው።)

ሌላው ስሕተት በብር መቁጠር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ማንኛውም የውጭ ደሞዝ በብር ሲባዛ ትልቅ መስሎ ይታያል። አንቺ ግን የምትበዪው በባት ነው። በ25 ሺህ ባት ተቀጠርሽ እንበል። ብዙ ኮንትራቶች የአስር ወር ናቸው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደሞዝም ይዘጋል። ለ12 ወር ሲካፈል ወደ 20,800 ይወርዳል። ቤት ኪራይ ከመብራትና ውሃ ጋር 7 ሺህ፣ ምግብ 6 ሺህ፣ ትራንስፖርትና ስልክ 2 ሺህ ብትዪ የሚተርፍሽ ከ6 ሺህ ባት በታች ነው፣ ማለትም ከ200 ዶላር ያነሰ፣ ያውም ካልታመምሽና ለቪዛ ዕድሳት ካላወጣሽ። ለሰውዬው የምትሰጪውን 180 ሺህ ብር ለመመለስ ብቻ ከግማሽ ዓመት በላይ ትሠሪያለሽ። የአውሮፕላን ትኬቱን ገና አልቆጠርኩትም። ጥሩ ኢፒ ክፍል ውስጥ፣ የ12 ወር ኮንትራት ይዘሽ፣ በ30 ሺህ ከሆነ ግን ከዚህ ከእጥፍ በላይ ይተርፍሻል። ኮንትራት ስታዪ ከደሞዙ ቁጥር በፊት የወሩን ብዛት ተመልከቺ።

አሁን ስለ አደጋው በግልጽ ልናገር፣ እዚህ ላይ አልለሳለስም። ታይላንድ ውስጥ በሕግ ለማስተማር ቪዛው «ነን ቢ» የሚባለው ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ጋር። ዲግሪ፣ የፖሊስ አሻራ ማስረጃ፣ የእንግሊዝኛ ውጤት፣ ከዚያ ከታይላንድ የመምህራን ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሙሉ ፈቃድ ለሌለው ሰው ትምህርት ቤቱ ጠይቆ የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣለታል። ሁሉም ነገር በትምህርት ቤቱ ስም ነው የሚወጣው። ስሙ የማይነገር ትምህርት ቤት ምን ወረቀት ሊያወጣልሽ ይችላል? «እዚያ ይቀየራል» የሚለው ወሬ መነሻ አለው፣ ድሮ ብዙ ሰው በቱሪስት ቪዛ ገብቶ፣ ሥራ አግኝቶ፣ ላኦስ ወጥቶ ቪዛ ቀይሮ ይመለስ ነበር፣ አሁንም የሚያደርጉት አሉ። ግን ያንን የሚያደርገው ገንዘብ በኪሱ ያለው፣ ካልሆነለት በራሱ ትኬት አገሩ የሚመለስ ሰው ነው። አንቺ ብድርና የተሸጠ ወርቅ ይዘሽ አይደለም። በቱሪስት ቪዛ ክፍል ገብቶ ማስተማር ወንጀል ነው፣ ስትያዢ የምትጠረዢው አንቺ ነሽ። ቀጣሪሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ያገኛል።

ከዚህም የባሰ አለ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በማይናማርና በታይላንድ ድንበር ካሉት፣ ሰው ተገዶ በኢንተርኔት ሌላውን ከሚያጭበረብርባቸው ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት ወደ 260 የሚጠጉ ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ ከቤት ሲወጡ የተነገራቸው ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብሎ ነው። ባንኮክ ኤርፖርት መኪና ይጠብቃቸዋል፣ መኪናው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነዳል፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ከዚያ ፓስፖርትም ስልክም የለም። ሰውዬው ከእነዚህ ጋር ይሠራል እያልኩሽ አይደለም። አቀራረቡ ግን ቁርጥ አንድ ነው። እንግሊዝኛ የምትችል፣ የተማረች፣ ኮምፒውተር የምትነካ ሴት ደግሞ እነዚያ ካምፖች የሚፈልጓት ዓይነት ሰው ናት።

የአገራችንም ሕግ ካንቺ ጋር ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደት ማስረጃ ያሉትን ነው። «የፕሮሰስ» ተብሎ 180 ሺህ የሚጠየቅበት አንቀጽ የለም። ሰውዬው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከሆነ ፈቃዱን ያሳይሽ። ፈቃድ ከሌለው ደግሞ እየሠራ ያለው ሕገወጥ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ትሥሪ? ሥራሽ ላይ ቆይተሽ፣ አንድ ዓመት ወስደሽ፣ በራስሽ አመልክቺ። የመጀመሪያው ወጪሽ የእንግሊዝኛ ፈተናው ይሁን፣ ቶይክ ወይም አይኢኤልቲኤስ። ውጤቱ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል ሌላውን ወረቀት ጎን ለጎን አዘጋጂ። ዲግሪሽንና ትራንስክሪፕትሽን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስረጋግጪ፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ። ፒጂዲቲሽን እንደ ተራ ወረቀት አትዪው። ብዙ መምህራን ሲያመለክቱ ይተዉታል። እኔ ማስረጃ ስመረምር መጀመሪያ የምፈልገው ግን «ይህች ሰው ማስተማር ተምራለች ወይ» የሚለውን ነበር፣ ኋላ ሙሉ ፈቃድ ስትጠይቂም የሚቆጠርልሽ እሱ ነው። የአራት ሳምንት ሰርተፍኬት ይዞ የሚመጣው ፈረንጅ ይህ የለውም።

ማመልከቻሽን ለኢፒ ክፍሎች ላኪ። እንግሊዝኛ ብቻ አትበዪ። የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ፣ ሶሻል፣ ጤና ማስተማር እንደምትችዪ ጻፊ፣ የአስር ደቂቃ የማስተማር ቪዲዮ አያይዢ። በእውነት ክፍል ውስጥ ስታስተምሪ የተቀረጸ ይሁን፣ ተማሪዎችሽ ፊታቸው ሳይታይ። ቪዲዮ ፎቶን ያሸንፋል፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። የታይላንድ የትምህርት ዘመን በግንቦት አጋማሽ አካባቢ ይጀምራል፣ ስለዚህ ቅጥሩ የሚበዛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ሁለተኛው ወቅት ከጥቅምት በፊት ነው። በራሱ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ጻፊ፣ ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ይሁን፣ ክፍሉን አሳዩኝ በያቸው፣ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። ኮንትራቱና ለነን ቢ ቪዛ የሚሆነው ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ ትኬት አትቁረጪ።

እንደ ፕሪፕሊ ባሉት መድረኮች በኢንተርኔት ማስተማርም አለ። ለልምድና ለቪዲዮው ይጠቅምሻል። ግን ለመኖሪያ አትቁጠሪው፣ ፕሪፕሊ የእያንዳንዱን ተማሪ የመጀመሪያ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ክፍያ ሙሉውን ይወስዳል፣ ከዚያም በኋላ ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ገንዘቡን ኢትዮጵያ ማስገባቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የግል ትምህርት ቤቶች ሌላ አማራጭ ናቸው። እዚያም ደሞዝ በፓስፖርት ነው የሚሰላው፣ ሆኖም ለምሳሌ ኤሚሬትስ ውስጥ በሕጋዊ ኮንትራት የሠራ ሰው ሲለቅ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደሞዝ ይቆጠርለታል። ታይላንድ ውስጥ በአስር ወር ኮንትራት እንዲህ ያለ ነገር አትጠብቂ።

እህቴ፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ፓስፖርትሽ እጅሽ ከገባ በኋላ ነው። ፓስፖርት ያንቺ ነው፣ ማንም «ለፕሮሰስ» ብሎ ይዞ ሊያስቀምጠው አይችልም። ነገ ጠዋት ከወንድምሽ ወይም ከሌላ ሰው ጋር ሆነሽ ሂጂና ተቀበይው። ብቻሽን አትሂጂ። ስለ ክፍያ አትከራከሪ፣ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብቻ በይው። አልሰጥም ካለ የጻፈልሽን መልእክት ሁሉ ሳታጠፊ ይዘሽ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።